እናትህ ገንዳ ውሃ ናት

ርዕስ መጻፍ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ገንዳ ውሃ ከተማ ይምጣና እኔ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ወንበሩ አንድ እግሩ ይወዛወዛል። ማራገቢያው መብራት ሲኖር ይዞራል፤ መብራቱ ግን ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ከኋላ ደግሞ አቶ ዋኘው ቆመው ጆሮዬ ሥር ይተነፍሳሉ። እስቲ በዚህ ላይ ሰው የሚከፍተው ርዕስ ጻፊ!

ሥራዬ እንዲህ ነው። የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች ማኅበር አላቸው። ቢሮው ገንዳ ውሃ፣ አባላቱ ግን ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ። እርሻቸው እዚህ ፀሐይ ላይ፣ እነሱ እዚያ ጥላ ሥር። በየሳምንቱ ረቡዕ የዋጋውን፣ የዝናቡን፣ የተባዩንና የመንገዱን ነገር አጠናቅሬ በኢሜይል እልክላቸዋለሁ፤ እነሱም በሞባይላቸው ያዩታል። ያዩታል ስል ርዕሱን ማለቴ ነው፤ አይከፍቱትም። ማን እንደከፈተና ማን እንዳልከፈተ የሚያሳይ ገጽ ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ እሱን እያየሁ አንጀቴ ሲያር ነው የኖረው።

ጥፋቱ ደግሞ የእኔ አይደለም። ኧረ በጭራሽ! አቶ ዋኘው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ደህና ሰው ናቸው፣ አልዋሽም፤ ግን ማዕረግ ይወዳሉ። ከእያንዳንዱ ርዕስ ፊት «የምዕራብ ቆላ ሰሊጥ አምራች ባለሀብቶች ማኅበር ሳምንታዊ የዜና መልእክት» የሚል ካልተጻፈ ዜናው ራቁቱን አደባባይ የወጣ ይመስላቸዋል። ሞባይል ደግሞ ይህን ሁሉ አይችልም። «የምዕራብ ቆላ ሰሊጥ አምራች…» ብሎ ይቆርጠዋል። በየሳምንቱ ያው ነው። እኔ ከኋላ የጻፍኩትን ርዕስ እኔና መላእክት ብቻ ነን የምናውቀው።

«አቶ ዋኘው፣ በሞቴ ይህን ስም ያንሡልኝ።»

«ስም የሌለውን ማን ይከፍታል?»

«ስም ያለውንስ ማን ከፈተው?»

«አንቺ አፍሽ!» ይሉኛል፤ ስሙ እዚያው ይቆያል።

አማርኛችንም አያግዘኝም። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰውና ሰው ፊት ለፊት ሲያወራ ችግር የለውም፤ አፍ አፉን እያየህ ትጠብቀዋለህ። ሞባይል ግን አይጠብቅም። አንድ ጊዜ ለምኜ፣ ተለማምጬ ስሙን አስነሣሁ። አቶ ዋኘው ታዲያ «ርዕሱን እኔ ራሴ ካልጻፍኩ» አሉ። «ሰኞ ጎንደር ላይ የሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ተሰርዟል» ብለው ጻፉ። ሞባይሉ «ሰኞ ጎንደር ላይ የሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ…» ድረስ አሳየ። ሰኞ ጠዋት የአባሉ ግማሽ ከረባቱን አስሮ የተዘጋ አዳራሽ በር ላይ ተሰለፈ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥፋቱ የስሙ አለመኖር ሆነና አረፈው!

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው የ2007ቱ ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ጥቅምት እያለቀ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ አሁን በየእርሻው የሚራገፍበት ጊዜ ነው። ይህ ሲያልቅ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የወረደው የቀን ሠራተኛ ይበተናል። አንዳንዱ ወደ አገሩ ይወጣል። አንዳንዱ የማሽላ አጨዳ ይጠብቃል። የቀረው መተማ ዮሐንስ ወርዶ፣ ደላላ ይዞ የድንበሩን ድልድይ ይሻገርና ሱዳን፣ ገላባት ይገባል። ከገላባት በኋላ ካርቱም ነው። ከካርቱም በኋላ ያለውን እዚህ አገር ሰው ጮክ ብሎ አያወራውም።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴትዮ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ጥላቸውን በአንድ እጅ፣ ፌስታላቸውን በሌላ እጅ ይዘዋል፤ ላቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ቁጭ ይበሉ ብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«የባለ እርሻዎቹ ቢሮ ይኼ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ልጄን ፈልጉልኝ። ትዕዛዙ ይባላል። ውባንች ነኝ እናቱ፤ ከደጋ ዳሞት ነው የመጣሁ። ሰሊጥ አርማለሁ ብሎ በሐምሌ ወረደ። ለመስቀል እመጣለሁ አለኝ፣ አልመጣም። ከእርሱ ጋር የወረደ የጎረቤት ልጅ ተመልሶ፣ ሰሊጡ ሲያልቅ ሊሻገር ነው አለኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ እዚህ መምጣቴን ይስማ እንጂ አይሻገርም። እናትህ ገንዳ ውሃ ናት በሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ።»

«በየትኛው እርሻ ነው ያለው?»

«እሱን ባውቅ ወደ አንቺ እመጣ ነበር?»

እውነታቸውን ነው። እርሻው እስከ ቋራ ድረስ የተዘረጋ ነው፤ በእግር ይፈለግ ቢባል ዓመት አይበቃውም። ስልክ አነሣሁና ቁጥራቸውን ለማውቃቸው ካቦዎች፣ ለሠራተኛ አለቆቹ፣ መደወል ጀመርኩ። ገሚሱ ኔትወርክ የለውም። ያነሡትም ሳቁብኝ።

«ትዕዛዙ? እኅቴ፣ እዚህ በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። ጎጃሜው አለ፣ ወሎዬው አለ፣ ቀዮ አለ፣ አጭሬ አለ። የትኛውን ልጥራልሽ?»

«ጎጃሜውን!»

«ጎጃሜው ብዙ ነው።»

እማማ ውባንች ከአጠገቤ ቆመው አፌን ያያሉ። ስልኩን ባስቀመጥኩ ቁጥር «ሰማ?» ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ። ውጭ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ደግሞ በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ አልተቀመጡም፤ እሳቸውን እያየሁ እኔም መቀመጥ አቃተኝ።

አቶ ዋኘው ከስብሰባ ሲመለሱ፣ በሚቀጥለው ቀን በሚወጣው ዜና ላይ ይህ ነገር ይግባ አልኳቸው።

«ሰርካለም፣ ይኼኮ የሰሊጥ ዜና ነው። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ፖሊስ ጋ ነው።»

«ሰሊጡን ማን ያጨደው መሰለዎት? ራሱን በራሱ አጭዶ ነው የመጣው?»

እማማ ውባንችን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እሺ፣ ከታች አስገቢው» አሉ። ከታች ማለት ከዋጋው በታች፣ ከዝናቡ በታች፣ ከፀረ ተባዩ በታች ነው። አስገባሁት። ረቡዕ ጠዋት ተላከ። ገጼን ከፍቼ ተጠባበቅኩ። ያው የተለመዱት ጥቂት ሰዎች ከፈቱት። ከእነሱም እስከ ታች ያነበበ ይኑር አይኑር እንጃ፤ አንድም ሰው አልደወለም።

«ሰማ?» አሉኝ እማማ ውባንች።

«አልሰማም እማማ። ማንም አልከፈተውም።»

«ምኑን ነው የማይከፍቱት? ተቆልፏል?»

«አልተቆለፈም። ርዕሱ አይስባቸውም።»

ትንሽ አሰቡና «ትናንት ከዚህ ስወጣ የደጋ ልጆች በመኪና ተጭነው ወደ መተማ ሲወርዱ አየሁ» አሉኝ። «ሮጥኩ፣ አልደረስኩባቸውም። ከመካከላቸው ይኑር አይኑር አላየሁም።» ይህን ሲሉ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራል ይፈታል፣ ይቋጥራል ይፈታል። የእኔ ነገር ደግሞ ሆዴ ሲባባ ቁጣ ነው የሚቀናኝ፤ ወንበሩን በእርግጫ ብዬ ወደ ግድግዳው ሰደድኩት።

ሐሙስ ጠዋት ለብቻው ደብዳቤ ይላክ ብዬ አቶ ዋኘውን ያዝኳቸው። ዋጋ የለበት፣ ዝናብ የለበት፤ ልጁ ብቻ። እንቢ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ ውባንች እግራቸው ሥር ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። አቶ ዋኘው ክው ብለው «ኧረ በማርያም! ኧረ ይነሡ! ይላካል፣ ይላካል» እያሉ በሁለት እጃቸው ደግፈው አቆሟቸው።

ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጄኔሬተሩ ውጭ ይንደቀደቃል። የኢንተርኔቱ ዶንግል አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። «ትዕዛዙ የተባለ ወጣት የት እንዳለ የምታውቁ» ብዬ ጻፍኩ። «ትዕዛዙ የተባለ ወጣት የት እንዳለ…» ላይ ይቆረጣል፤ ትዕዛዙን ደግሞ ማን ያውቀዋል? አጠፋሁት። «አስቸኳይ» አልኩ። ባለፈው ዓመት የመዋጮ ማስታወቂያ ሁሉ «አስቸኳይ» ተብሎ ተልኳል፤ ቃሉ አልቆለታል። አጠፋሁት። «አንዲት እናት ልጃቸውን» አልኩና፣ ጎንደር ሆቴል በረንዳ ላይ የተቀመጠ ባለሀብት ይህን አይቶ እርዳታ ልትለምነኝ ነው ብሎ በአውራ ጣቱ ሲገፋው ታየኝ። እሱንም አጠፋሁት።

«ምንድን ነው የምትጽፊ የምትሰርዢ?» አሉኝ እማማ ውባንች።

«እማማ፣ ምን ብዬ ልጥራው? ምን ልበለው?»

«ያልኩሽን ነዋ። ሌላ ምን ትይዋለሽ?»

ሁለት ቀን ሙሉ ሲሉኝ የነበረውን ጻፍኩት። «እናትህ ገንዳ ውሃ ናት»። ተመለከትኩት። አጭር ነው፤ በየትኛውም ሞባይል አይቆረጥም። ደብዳቤውን ባይከፍቱት እንኳ መልእክቱ እዚያው ርዕሱ ላይ አልቋል። ካየው አንዱ ለካቦው ቢነግር ይበቃል። ከውስጥ «ትዕዛዙ፣ እናትህ ገንዳ ውሃ ናት፤ አትሻገር» ብዬ ጀመርኩና መልኩን፣ አገሩን፣ የቢሮውን ስልክ ጨመርኩ። በሦስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ርዕስ ጽፌ አላውቅም፤ ኮራሁ።

ልክ ልልከው ስል አቶ ዋኘው ከኋላዬ ተነፈሱ።

«የማኅበሩ ስምስ?»

«አቶ ዋኘው! በእመቤቴ! ዛሬን እንኳ ይተዉት።»

«እሺ ሙሉው ይቅር። ግን ከማን እንደመጣ ሳይታወቅ አይላክም፤ ነውር ነው። ቆይ፣ ልቀቂልኝ።» ወንበሩን አስለቅቀውኝ በሁለት ጣታቸው እየፈለጉ ጻፉና፣ በመነጽራቸው አስተካክለው አዩት፣ ረኩ፣ ላኩት። ወዲያው ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰና ሁሉም ነገር ጠፋ።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«አጭር ነው፤ አንቺ እንደምትወጂው። "ከማኅበሩ ለውድ አባላችን" አልኩ። ከዚያ ያንቺ ርዕስ።»

በጭንቅላቴ ሞባይሉን አሰብኩት። ከማኅበሩ። ለውድ አባላችን። ከዚያ የቀረችው ቦታ ለአንድ ቃል ብቻ ትበቃለች። የመጀመሪያው ቃል ደግሞ…

«ወይኔ ጉዴ!» አልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

የቢሮው ስልክ ጮኸ። እኔ አነሣሁት።

«ሃሎ! ማኅበሩ ነው?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ማን ልበል? እናቴን ስትሰድቢ ማን መሆኔን አታውቂም ነበር?» አቶ ናሁሰናይ ናቸው፤ ጎንደር የሚኖሩ፣ ሽንፋ አካባቢ ሰፊ እርሻ ያላቸው። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ቢሮውን ሞላው። «እንግዶች ጋ ተቀምጬ! ስልኬ ጠረጴዛ ላይ! "ከማኅበሩ ለውድ አባላችን፦ እናትህ" ይላል! ከዚያ ነጥብ ነጥብ ነጥብ!»

«አቶ ናሁሰናይ፣ ነጥቡኮ…»

«ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም መሰለሽ? እኔም ልጅ ነበርኩ! ደግሞ አንተ ይለኛል! "ውድ" ብሎ ጀምሮ!»

አቶ ዋኘው ፊታቸው አመድ መሰለ። ኪሳቸው ውስጥ የራሳቸው ሞባይል ጮኸ። አነሡት። «አቤት… ኧረ በፍጹም… ኧረ እናትዎን እንወዳቸዋለን!» ሲሉ ሰማሁ። ዘጉት፤ ወዲያው ሌላ ተደወለ። «ማኅበሩማ እናትዎን ያከብራል! በደንብ ነው የሚያከብር!» ቆመው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ለማይታይ ሰው እጅ እየነሡ። በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር።

እማማ ውባንች ከበሩ ተመልሰው «ሰማ?» አሉ።

«አቶ ናሁሰናይ!» ብዬ ጮህኩ። በባለሀብት ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። «ይክፈቱትና ያንብቡት! ካነበቡ በኋላ እንዳሻዎት ይስደቡኝ፤ ከፈለጉ ከሥራም ያባርሩኝ! እዚህ አንዲት እናት ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቀመጡ ቆመዋል! ይክፈቱት!»

ዘግተውብኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ትንፋሻቸው ተሰማኝ፤ እያጉረመረሙ ሲያነብቡም ሰማሁ። «ትዕዛዙ… እናትህ ገንዳ ውሃ ናት። አትሻገር…»

«ሴትዮዋ አሁን የት ናቸው?»

«እዚሁ፣ ከአጠገቤ።»

«ምሳ በልተዋል?»

«እንቢ ብለውኛል።»

«አስገድደሽ አብያቸው። እኔ አሁን ለካቦው እደውላለሁ።» ሊዘጉ ብለው ደግሞ «አንቺ ልጅ» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ "እናትህ" ብለሽ አትጀምሪ። ሰው ትገድያለሽ።»

እስከ ምሽት ድረስ ስልኩ አላረፈም። ሁሉም በቁጣ ይጀምራል፣ ያነባል፣ ድምፁ ይለዝባል፣ ለካቦዬ እነግራለሁ ብሎ ይዘጋል። አንዱ ጭራሽ አልተቆጣም፤ እናቱ በቅርቡ አርፋ ኖሮ፣ «ቃሉን ሳየው ከእሷ የመጣ መሰለኝ» አለኝ። መብራት ሲመጣ ገጼን ከፈትኩ። አባላቱ በሙሉ ከፍተውታል። ኢሜይሉን ፈጽሞ ከፍቶ የማያውቀው ሁሉ ከፍቶታል።

«ስንት ሰው ነው?» አሉኝ አቶ ዋኘው፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ሁሉም።»

«አየሽ» አሉኝ፣ «ስሙ ከፊት ስለነበረ ነው።»

አንድ ነገር ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ደግሞም እኮ እውነታቸውን ነው።

አርብ ጠዋት ቢሮ ስደርስ በሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሟል። ፀጉሩ ላይ የሰሊጥ ገለባ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። እማማ ውባንች ከኋላዬ ነበሩ፤ ገፍተውኝ አለፉና ሮጡ። ፊቱ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። ልጁም ፊታቸውን አየ። ሁለቱም ሌላ ሰው ነበር የጠበቁት።

«እናትህ ገንዳ ውሃ ናት ተብሎ ነው» አለኝ ልጁ፣ ወደ እኔ ዞሮ።

«ስምህ ማነው? ትዕዛዙ ነህ?»

«አይደለሁም። ስም አልተባለም። ካቦው ስልኩ እየተቆራረጠበት ሰምቶ መጣና፣ "ከእናንተ የአንዱ እናት ገንዳ ውሃ መጥታለች፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ" አለን። የማን? ብንለው፣ እኔ ስማችሁን የት አውቃለሁ አለ።»

ከዚያ ሌላ መጣ። ከዚያ ሁለት ሆነው በአንድ ባጃጅ። ከዚያ አሸዋ የጫነ መኪና በር ላይ ቆሞ ሌሎችን አራግፎ ሄደ። ከሽንፋ፣ ከኮኪት፣ አንዱማ ከገለጉ አካባቢ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ። እያንዳንዱ በሩ ላይ ሲደርስ ሸሚዙን ያራግፋል፣ ፊቱን በእጁ ይጠርጋል፣ ከዚያ ያንኑ ይጠይቀኛል። «እናቴ መጥታለች አሉኝ።» አይደለችም ስል ምላሴ እየከበደኝ ሄደ። ለአንዱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል። እዚያው ቁጭ ብዬ መጮህ አማረኝ።

«እናትህ አገሯን ጥላ ትመጣለች ብለህ ነው?» አልኩት አንዱን፣ ተናድጄ። ማንን እንደተናደድኩ እንጃ።

«ሞታለች» አለኝ። «ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እሷ ትሆናለች ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንንም አልተቆጣሁም።

እማማ ውባንች በየመጣው ልጅ ይነሣሉ፣ ያያሉ፣ ይቀመጣሉ። በኋላ መቀመጡንም ተዉት። አይሆንም የተባለውን ልጅ ግን በባዶ አይሸኙም። ጉንጩን በመዳፋቸው ይዘው «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ይላሉ፤ ከዚያ በሩ ፊት ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር «ተቀመጥ» ይሉታል፣ ግቢው የራሳቸው ይመስል። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ሞልቶ ልጆቹ ወደ ፀሐዩ ተርፈው ነበር። ማንም ተነሥቶ አልሄደም። አቶ ዋኘው ወጥተው አዩና ገቡ፤ ቆይተው ዳቦና ለስላሳ በባጃጅ አስመጡ።

እማማ ውባንች ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርገው «ይኼ ሁሉ ሲሰማ የኔው ብቻ ሳይሰማ ቀረ?» አሉኝ። «ተሻግሮብኝ ይሆን?»

አላውቅም ነበር። አይዞዎት አልኳቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከመተማ ዮሐንስ የሚመጣ ሚኒባስ መንገዱ ላይ ቆመ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ሲያይ አመነታ፤ ሊመለስ ሁሉ ከጀለ። ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አራገፈ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። እማማ ውባንች ወደ እሱ ዞሩ። በዚህኛው ግን አልሮጡም፤ ጠዋት ከሮጡ ወዲህ እግራቸው ፈርቷል። ቆመው ብቻ አዩት።

«እማ?» አለ።

ደርሰው አንገትጌውን ጨብጠው በሌላው እጃቸው ትከሻውን መደብደብ ጀመሩ። «ለመስቀል አላልክም? ለመስቀል አላልክም?» እያሉ መቱት፣ መቱት፤ ከዚያ እዚያው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እሱ ጆንያውን እንኳ አላወረደም።

«ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው» አለ። «ድልድዩ ጋ ነበርኩ። ከሽንፋ የመጡ ልጆች የአንዱ እናት ገንዳ ውሃ መጥታለች ሲሉ ሰማሁ። አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ ብትሆኚስ ብዬ ነው አብረውኝ ሊሻገሩ የነበሩትን ጥያቸው የመጣሁ።»

ልጆቹ ኒሙ ሥር ተነሥተው ቆመው ያያሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን፣ ጆንያቸውን እያነሡ መውጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ሲያልፍ የትዕዛዙን ትከሻ ይነካል። እማማ ውባንች አንገቱን ሳይለቁ በአንድ እጃቸው ይመርቋቸዋል። እኔ ወደ ቢሮዬ ገባሁ፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

ዞር ስል አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። ጠዋት ከገለጉ የመጣው ነው፤ ምናለ ይባላል፤ ወሎዬ ነው።

«አንተ አልሄድክም?»

«እናቴ እንዳልሆነች ድሮም አውቄያለሁ» አለኝ። «እግሯን ታማለች፤ ከደጃፏ አትወጣም።» ወደ ኮምፒውተሩ በአገጩ አመለከተ። «እኅቴ፣ ይኼ ነገር ወደ ላይም ይሄዳል? ወደ ደጋው?»

«ይሄዳል።»

«እንግዲያ ለኔም ጻፊልኝ። ልጅሽ ገንዳ ውሃ ነው በይልኝ። ደህና ነው በይልኝ።»

ስልክ አላት? አልኩት። የላትም አለ። ጎረቤትስ? ኔትወርክ አይደርስም አለ። ኢሜይል አላት? ልለው ነበር፤ አፌ ውስጥ ቀረ። አቶ ዋኘው ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ተነሥተው ወንበሬን ስበው አስተካከሉልኝ። ተቀመጥኩ። አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ርዕሱ ላይ «ልጅሽ ገንዳ ውሃ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ዋኘው ከኋላዬ ቆመው ይተነፍሳሉ፤ «የማኅበሩ ስምስ?» አላሉኝም። የሚላክለት ሰው አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን የምጽፈው አልነበረኝም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ባዶውን ቦታ አየሁት።

ምናለ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

«ሰማች?» አለኝ።